ከኋላ በስተቀኝ

ሌላ ሰው ጉዴን ከሚያወጣው እኔው ባወጣው ይሻላል። ጆሮዬ አይሰማም።

ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል አላልኩም፤ እንዳታጋንኑብኝ። የጋራዡ የብረት በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ቀለም ቀቢው ጓደኛችን ሲያወራም ይሰማኛል፣ እሱን እንኳ መቃብር ውስጥ ያለ ሰውም ይሰማዋል። የከዳኝ ቀጭን ድምፅ ነው። ወፍ፣ ስልክ፣ የልጅ ሳቅ፤ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ትንሿ መዶሻ ብረት ስትነካ የምታወጣው ድምፅ። ወፏ ብትቀርብኝ ምን ገዶኝ! የመዶሻዋ ግን እንጀራዬ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዛገ መኪና ጠጋኝ ነኝ። ሻንሲ የሚባለው የመኪና አጥንት ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ ሞተሩም ወንበሩም ጭነቱም እነሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ብረቶቹ ውስጣቸው ክፍት ነው። ዝገት ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ ፊት ለፊት አይመጣም። ጭቃና ውሃ ውስጥ ገብቶ ይተኛና ብረቱን ከሆዱ ጀምሮ ይበላዋል። ከውጭ ስታየው ምን የመሰለ ብረት! ዓይን እዚህ ላይ አይጠቅምም። እኔ በትንሿ መዶሻ በስንዝር በስንዝር እየመታሁ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የበሰበሰው ዱብ ብሎ ይቀራል። ጤነኛውን በነጭ ጠመኔ አሰምርበታለሁ፣ የበሰበሰው ላይ ቀይ መስቀል አደርጋለሁ። በያጁ ቀዩን ቆርጦ ያወጣና በአዲስ ላሜራ ይተካዋል። ነጩን ማንም አይነካውም። ጋራዣችን ውስጥ እኔ ነጭ ካሰመርኩ አለቀ፤ "ጋሽ ጆሮ ሰምቶታል" ይባላል፣ ወደሚቀጥለው ሥራ ይኬዳል።

ጋሽ ጆሮ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከሚስቴ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነቃብህ እንዴት ቆየህ ትሉኝ ይሆናል። በበያጁ ፊት። ይኼ ሰው ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ፊቱ ግን ምንም ነገር መደበቅ አይችልም። ካርታ ስንጫወት ገና ሲያነሳ ምን እንደደረሰው እናውቃለን። እኔ ስመታ አጠገቤ ቆሞ መብራት ይይዝልኛል፤ ብረቱ ዱብ ሲል ቅንድቡ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ጎን ይሄዳል። እኔ ሆዬ ብረቱን ያዳመጥኩ መስዬ ፊቱን አያለሁ። ፊቱ ከተበላሸ ቀይ፣ ካልተበላሸ ነጭ። የሚሰማው እሱ፣ የሚመሰገነው እኔ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስንት ሻንሲ እንዲህ አሳለፍኩ! የትምህርት ቤቱን የልጆች መኪናም ባለፈው ዓመት ሠርተናል። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ስለቀረው ተጣድፈን፣ እሱ ከፊት ሲበይድ እኔ ከኋላ ስመታ ነው የጨረስነው። ሹፌሩ እስከ ዛሬ በበራችን ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋልኛል። ጥሩምባው አይሰማኝም፤ እጁንና መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን የልጆች ፊቶች አይቼ እኔም እጄን አነሳለሁ።

ከዚያ ጂፑ መጣ።

ጂፑ የሟች ወንድሜ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ሲፈለፈልበት ኖሯል። ልጄ አዋላጅ ናት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ገደል ለገደል ወርደው የሚደርሱበት አንድ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ባሏ ቤት ሊያዘጋጅ ቀድሟት ሄዷል። እዚያ መንገድ ላይ ከጂፕ በቀር ምንም አይሄድም። "አባዬ፣ የአጎቴን ጂፕ አስነሳልኝ" አለችኝ። የወንድሜ ሚስትም "ውሰዱልኝ፣ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል" አለች። ጎትተን አመጣነው።

ሦስት ወር ሠራነው። ኮፈኑን አወለቅን፣ በሮቹን አወለቅን፣ አካሉን በሰንሰለት አንስተን ጥግ አስቀመጥነው። ወለሉ እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ ቀለም ቀቢው እግሩን በቀዳዳው አስገብቶ "ይኼ ፍሬን አያስፈልገውም፣ በእግር ነው የሚቆመው" እያለ አሳቀን። ሻንሲውን ራቁቱን አራት በርሜል ላይ ጫንነው። በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ለሳምንት ያህል ስናፈጥ ቡናማ ነበር የሚወጣው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ለልጄ ነው የምሠራው።

መዶሻዬን ይዤ ግራውን ብረት ከፊት እስከ ኋላ መታሁ። በያጁ መብራት ያዘልኝ፣ ፊቱ እየተበላሸ እየተስተካከለ ሄደ። አምስት ቀይ። ከዚያ ቀኙን ጀመርን፣ እስከ ግማሹ ድረስ ሁለት ቀይ። እዚህ ላይ ለግራው የሚሆን ላሜራ ተቆርጦ መጣለትና "ጋሼ፣ ላሜራዋን ቶሎ ላያይዛት፣ እርስዎ ቀጥሉ" ብሎኝ ሄደ። የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፋው።

መጠበቅ ነበረብኝ። ሩብ ሰዓት ብጠብቅ ምን እሆን ነበር? ነገር ግን ቀለም ቀቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። "ምነው ጋሽ ጆሮ፣ ደከመህ እንዴ?" አለኝ። አይ እኔ! ደከመህ ስባል እሳት ነው የምሆነው። መዶሻዬን አነሳሁና ከኋላ በስተቀኝ፣ ባሌስትራው፣ ማለት የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ጋ መታሁ። የመታሁት እጄ ላይ ተሰማኝ እንጂ ጆሮዬ ላይ ምንም። ቀና ስል ጭምብል አለ፤ ጥቁር፣ አፍ የሌለው፣ ቅንድብ የሌለው። ሌላ ስንዝር መታሁ። ጭምብሉ እሳት ይረጫል። ብረቱን አየሁት፣ ያምራል፤ በጥፍሬ ጫር አደረግኩት፣ ደህና ነው። አራት ነጭ መስመር አሰመርኩ። ቀለም ቀቢው እንዲያይ ጠመኔውን በደንብ ተጭኜ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ሄደ። ቀለም ተቀባ፣ አካሉ ተመልሶ ተጫነ፣ ልጄ መጥታ አረንጓዴውን በር እየዳበሰች "አባዬ፣ አጎቴ ቢያየው!" አለች። እኔ የማየው አራት ነጭ መስመር ነው፣ ቀለሙ ሥር። አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ሥሩ ገባሁና በአንድ እጄ እየመታሁ ሌላውን መዳፌን ብረቱ ላይ ጫንኩ፤ ባልሰማ እንኳ ንዝረቱ ይነግረኛል ብዬ። መዳፌ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ ይሁን እኔ አላወቅኩም። በካቻቢቴ ብወጋው ይለይለት ነበር። ግን ቀለሙ ይጫራል፤ ነገ በያጁ "ጋሽ ጆሮ ያሰመሩበትን ማነው የወጋው?" ሲል ምን ልለው ነው? ካቻቢቴውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ እጅ አይሳሳትም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጂፑ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ ጫንነው። አልጋ፣ ሁለት የመድኃኒት ሳጥን፣ አንድ ከባድ የብረት ማዋለጃ አልጋ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ መሪውን ጨበጠች። የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ አጠገቧ ታሰረች፤ ይቺ ልጅ መኪና ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ከተቀመጠች ማስታወክ ነው ሥራዋ፣ እናቷ የላስቲክ ከረጢት ታጥቃ ነው የተነሳችው። ልጅቷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ የሆነ ነገር ነገረችኝ። አልሰማኋትም። "እሺ የእኔ ቆንጆ" አልኳት። ሄዱ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሌላ ሥራ ስነካካ ቆይቼ ጂፑ የቆመበትን ቦታ ለመጥረግ መጥረጊያ አነሳሁ። ወለሉ ላይ፣ የኋላው ቀኝ ጎማ ከነበረበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቡናማ ክምር አየሁ። ጎንበስ አልኩ። የዝገት ቅርፊት ነው። አንዱን አንስቼ በጣቶቼ መሀል ጫን ስለው ብትን አለ።

ሌላም አንስቼ ጫን አልኩት፤ እሱም ዱቄት ሆነ።

አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ጤነኛ የሆነ ብረት ቅርፊት አያራግፍም። ይኼ ከብረቱ ሆድ ውስጥ፣ በውሃ መውጫዋ ቀዳዳ በኩል ነው የወረደው። ጭነቱ ሲያርፍበት ብረቱ ጎበጠ፣ ሲጎብጥ ውስጡ ያለው ፈረሰ። ለዓይን የቀረው ቅርፉና የእኛ ቀለም ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ይነቃነቃል፤ ብረቱ እዚያ ጋ ከተበጠሰ ባሌስትራው ይወጣል፣ የኋላ ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ወደ ገደሉ ነው። ሁለቱም ውስጡ ናቸው። መጥረጊያውን ጣልኩት።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። "አቁሚ!" አልኩ። "ልጄ፣ አቁሚው! እንዳትወርጂ! ሰማሽኝ? ቁልቁለቱን እንዳትጀምሪ! ልጅቷን ይዘሽ ከመኪናው ውጪ!" መልስ የለም። እንደገና ጮህኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ መጣና ስልኩን ከእጄ ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ከዚያ ግራ በገባው ዓይን አየኝ።

"ከማን ጋር ነው የምትጣላው? መስመሩ አይሠራም፣ እንደገና ይሞክሩ እያለች ነው ሴትዮዋ። ስንት ጊዜ ነገረችህ እኮ!"

"ድምፁ ተቆራረጠብኝ" አልኩ። አያችሁ? እዚያ ላይ ቆሜም ዋሸሁ።

በያጁ ጋ ሮጥኩ። "ሞተር ሳይክልህን አስነሳ። ጂፑ... ከኋላ በስተቀኝ ያለውን ብረት ቸኩዬ ነው የመታሁት። በደንብ አላየሁትም።" እጄ ላይ ያለውን ቅርፊት አሳየሁት። ፊቱ ተበላሸ፤ ቅንድቡ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ጎን። ሞተር ሳይክሉን አስነሳ፣ መዶሻዬንና ካቻቢቴዬን ኪሴ እንደከተትኩ ከኋላው ተቀመጥኩ።

ያንን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አልነግራችሁም፣ አላውቀውምና። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር አቧራ ውስጥ ነበርን። በየመታጠፊያው ከመንገዱ ዳር ወደ ታች አያለሁ። አረንጓዴ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ ቁጥቋጦም ይሁን ቅጠል፣ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ምነው ሌላ ቀለም በመረጥን! ለፈጣሪ ያልገባሁለት ቃል የለም። የበያጁን ወገብ ጨምድጄ ስለያዝኩት ሁለት ጊዜ እጄን በክርኑ መታ፤ መተንፈስ አቅቶት ኖሯል።

ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ኩርባ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረን አየናት። ጂፑ ዳር ይዞ ቆሟል። በሩ ተከፍቷል። ልጄ ጎንበስ ብላ የልጇን ግንባር ይዛለች፣ ልጅቷ እያስታወከች ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ትውከት የለም። ከሞተሩ ወርጄ ጎማው ሥር ያለው መሬት ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

ልጄ ስታየኝ ደነገጠች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። "እማዬ ምን ሆነች?" ነው የምትለው መሰለኝ።

"እናትሽ ደህና ናት። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት። ልጅቷን ለእሱ ስጪውና ነይ፣ ሥሩ ግቢ።"

"አባዬ፣ ቀሚሴ..."

"ግቢ አልኩሽ!"

በያጁ ልጅቷን ታቅፎ ራቅ አለ። እኔና ልጄ ጎን ለጎን ጀርባችንን ለአቧራው ሰጥተን ጂፑ ሥር ተጋደምን። መዶሻዋን አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም ሰጥቻት አላውቅም፤ ሚስቴ እንኳ ምስማር ልምታበት ስትለኝ እምቢ ያልኩባት መዶሻ ናት። ለልጄ ሰጠኋት።

"ይቺ ጋ ምቺና ስሚ" አልኳት፣ ጤነኛ መሆኑን የማውቀውን፣ በያጁ በአዲስ ላሜራ የተካውን አሳይቻት። መታች። ፊቷን አየሁ። ምንም አልሆነችም። "አሁን ደግሞ እዚህ።" ከኋላ በስተቀኝ። መታች።

ፊቷ በእኔ ሳይሆን በእናቷ የወጣ ነው፤ የምታስበውን አያሳይም። ማሚቶ የሌለው ክፍል ውስጥ የገባች ይመስል ግን ዓይኗ ቆመ። አንድ ስንዝር ወደዚያ አለፈችና ደግማ መታች። ከዚያ መዶሻዋን ደረቷ ላይ አስቀምጣ እኔን አየችኝ። ሴቶች ሲወልዱ የልጁን የልብ ምት በጆሮዋ ስታዳምጥ የዋለች ልጅ ናት፣ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም ልበል?

ካቻቢቴዬን አወጣሁና ገፋሁት። ቀለሙ ስንጥቅ አለ፣ ብረቱ እንደ ረጠበ ዳቦ ተቀበለኝ፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ቡናማ ዱቄት ፊታችን ላይ ዘነበ። እሷ አሳለች። ልጄ እኮ ናት። ሃምሳ እርምጃ ነው የቀራት።

ዓይኗን ጠርጋ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እሺ" ወይ "አዎ" ብዬ በግምት አልፋት ነበር። ከንፈሯን አየሁ፤ ደግማ ቀስ ብላ አለችው። "ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባዬ?"

"ሁለት ዓመት ሆነኝ" አልኳት። "አልሰማም ልጄ። መዶሻዋን አልሰማትም። ጠዋት ልጅሽ ያለችኝንም አልሰማሁም።"

አለቀሰች፣ ወይም ዝገቱ ነው። እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ልጄማ" አለች ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ እንዳነበው፣ "'አያዬ፣ አንተም ና' ነው ያለችህ።"

ከሥሩ ስንወጣ በያጁ ልጅቷን ትከሻው ላይ አስተኝቷት ቆሟል። ካቻቢቴውን፣ ቡናማ የሆነውን ፊታችንን፣ መዶሻዋ ልጄ እጅ ላይ መሆኗን አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ፊቱ ላይ ተከታተልኩት፤ እንደለመድኩት። መብራት ይዞ የቆመባቸው ቀናት፣ ፊቱን ትኩር ብዬ የማየው ነገር፣ ሁሉም አንድ በአንድ ገባው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ልጅቷን ለእናቷ አስረክቦ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ከንፈሩን እንዳየው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ጭምብል አድርጌ ሳለሁ የመቱት ሌላ መኪና አለ?"

የሚነፋ ጥሩምባ፣ የሚነሳ እጅ፣ መስኮት ላይ የተለጠፉ ፊቶች። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

"የትምህርት ቤቱ" አልኩ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሊሆን ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይለቀቃሉ። ልጄንና ልጇን ከጂፑ ዕቃ ጋር እዚያው ጥላ ሥር እንተዋቸው፣ ጎታች መኪና እንልካለን አልኩና ስልኬን አውጥቼ ለበያጁ ሰጠሁት።

"መስመር የሚይዝበት ጋ ስንደርስ ለትምህርት ቤቱ አንተ ደውልላቸው" አልኩት። "እኔ አልሰማም።"